ሆድ እንዳይብሰን ሆዳችንን እንዴት እንመግብ?

ከሁለት ዓመት በፊት ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ ሁለት ስኒ ቡና እጠጣ ነበር። ከዚያ ቦምቦሊኖ። ምሳ ከተገኘ መኮሮኒ። አስር ሰዓት ሲሆን ያለ ምክንያት ሆድ ይብሰኛል፣ ሰው ላይ እነጫነጫለሁ። ጣና ዳር ብቀመጥ እንኳ ደስ አይለኝም። ሆዴም ወይ ይደርቃል ወይ ይነፋል። ሁለቱ ችግሮች አንድ ላይ እንደሚሄዱ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አንጀትና አንጎል ቬገስ በሚባል ረጅም ነርቭ ይገናኛሉ። አብዛኛው መልእክት የሚሄደው ከሆድ ወደ ላይ ነው። ስሜት ሲነሳ ስሙ የሚጠራው ሴሮቶኒን የተባለው ኬሚካልም 90 በመቶ ያህሉ የሚመረተው አንጀት ውስጥ ነው። በቀጥታ ወደ አንጎል አይገባም፤ ግን የአንጀትን እንቅስቃሴ ይመራል፣ ነርቩንም ይቀሰቅሳል። አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ድባቴ ያለባቸውን 67 ሰዎች ለ12 ሳምንት ተከታትሎ ነበር። አመጋገባቸውን ለማስተካከል የታገዙት፣ የሚያጫውታቸው ሰው ብቻ ከተመደበላቸው ይልቅ ተሽሏቸዋል። አብዛኞቹ ግን ሕክምናቸውንም አላቋረጡም። እናንተም መድኃኒት ላይ ከሆናችሁ በምግብ ተማምናችሁ እንዳታቆሙ።

መጀመሪያ ቡናውን ከቁርስ በኋላ አድርጉት። የዘጌ ቡና አጠገባችን እያለ ተዉት አልልም።

ቀጥሎ ፋይበር (በእህል፣ በጥራጥሬና በአትክልት ውስጥ ያለውን አሰር) ጨምሩ። እኔ የተሸነፍኩት እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰኞ ተነስቼ ሁሉንም በአንዴ ለወጥኩ። ቁርስ የገብስ ገንፎ፣ ምሳ ምስር፣ መክሰስ የሽምብራ ቆሎ፣ እራት ሽሮ። በሦስተኛው ቀን ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ። እንቅልፍ አጣሁ፤ ንጭንጩም ከበፊቱ ባሰ። «አልተስማማኝም» ብዬ ሁለት ወር ሙሉ ወደ መኮሮኒዬ ተመለስኩ።

ጥፋቱ የምስሩ አልነበረም። እኛ መፍጨት የማንችለውን ፋይበር አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ከዚያ የሚወጡት አሲዶች የአንጀትን ግድግዳ ይመግባሉ። ጋዝም አብሮ ይወጣል። ያልለመደ ሆድ ለመልመድ ሳምንታት ይፈልጋል። አትቸኩሉ።

በሁለተኛው ሙከራ የመጀመሪያውን ሳምንት የነካሁት እንጀራውን ብቻ ነው። እዚህ አካባቢ ብዙ ቤት ጤፉ ላይ የፎገራ ሩዝ ይቀላቀላል። እንጀራው ይነጣል፣ ይለሰልሳል፤ የተፈተገ ሩዝ ግን ፋይበሩ ከጤፍ በጣም ያንሳል። ሩዙን ቀነስኩና ቀይ ጤፍና ትንሽ ዳጉሳ ጨመርኩ። ለእንጀራ ንጣት የምንሰጠው ክብር በእኔ እምነት ከልክ በላይ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሊጡ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ምጣዱ ላይ ይሞታሉ። ከእንጀራ የምናገኘው ፋይበሩን ነው፤ ሊጡ መቡካቱም ጤፉ ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድን ሰውነት በቀላሉ እንዲወስደው ያደርጋል።

በሁለተኛው ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ፣ ግማሽ ጭልፋ የጥራጥሬ ወጥ። በሦስተኛው ጎመን። ባቄላና ሽምብራ ሌሊቱን ዘፍዝፉና ውኃውን ድፉት፤ ከሚነፉት ስኳሮች ጥቂቱ አብሮ ይሄዳል። በቆልት ብታደርጉት ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ውኃ በደንብ ጠጡ። ሆድ ከተነፋ አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ተመለሱ እንጂ እንደ እኔ ሁሉንም አትጣሉት።

እርጎ ሕያው ባክቴሪያ የምናገኝበት ቀላሉ መንገድ ነው። ጥሬ ወተት በራሱ ይረጋል፤ ነገር ግን ብሩሴሎሲስ የሚባል ከከብት የሚመጣ በሽታና ቲቢ ሊያስተላልፍ ስለሚችል አልመክርም። ወተቱን አፍሉት፣ ጣት እስኪችለው አብርዱት፣ ከጥሩ እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምራችሁ ሸፍኑት። ገና ትኩስ ሳለ ከጨመራችሁ እርሾው ይሞታል። ዕቃውን በወይራ ማጠኑን አትተዉ፤ መዓዛው ሌላ ነው። ሕያው ባክቴሪያ አለባቸው ተብለው በውድ ለሚሸጡ እንክብሎች ገንዘብ ከማውጣት ይህንን እመርጣለሁ።

ዓሣም አለን። ቆሮሶም ሆነ አምባዛ፣ በዘይት ከተጠበሰው ጉላሹ ይሻላል።

ማታ ማታ ደብተር ላይ ሁለት መስመር ጻፉ፦ ምን በላሁ፣ እንዴት ዋልኩ። የእኔ ደብተር ከወር በኋላ ያሳየኝ፣ ሰው ያስቀየምኩባቸው ቀናት በአብዛኛው ምሳ የዘለልኩባቸው እንደነበሩ ነው። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ደብተሩን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሞትን መመኘት ከመጣ ደግሞ አንድ ቀንም አትጠብቁ።

ጾም ሲገባ እርጎው ይቀራል። ጥራጥሬውና ጎመኑ ይቀጥላሉ፤ ተልባም ጨምሩበት። ከቅዳሴ ወጥታችሁ መጀመሪያ የምትቀምሱት ግን ቡና አይሁን። እኔ አንድ ብርጭቆ የተልባ ውኃ እጠጣለሁ፣ እንጀራዬን እበላለሁ፣ ከዚያ ቡናው ይፈላል።