የዲዮዶቶስ ትሪፎንን ሳንቲም እንዴት መለየት ይቻላል?

ትሪፎን ሕፃኑን አንጥዮኮስ 6ኛን አንግሦ በስሙ ካስተዳደረ በኋላ የሴሌውቅያንን (ሶርያን ይገዛ የነበረውን የግሪክ ሥርወ መንግሥት) ዙፋን ለራሱ ወሰደ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ138 ገደማ በአንጥዮኮስ 7ኛ ተሸንፎ ሞተ።

መጀመሪያ ጽሑፉን አንብቡ። የሱ ሳንቲም «ባሲሌዎስ ትሪፎኖስ አውቶክራቶሮስ» ይላል፤ ንጉሥና ባለሙሉ ሥልጣን ማለቱ ነው። ከሱ በፊት የነበሩ ሴሌውቅያን ነገሥታት በሳንቲማቸው ላይ «አውቶክራቶር» አላሉም፤ ስለዚህ ከሁሉ የሚታመነው ምልክት ይኸው ነው። በጀርባው የዋልያ ቀንድ የወጣበት ሹል የራስ ቁር አለ። በቁሩ ብቻ ግን አትወስኑ፤ በሕፃኑ አነስተኛ የብር ሳንቲሞችም ላይ ይገኛል። ጽሑፉ የተፋቀ ከሆነ ፊቱን እዩ፦ ሕፃኑ የጨረር አክሊል ደፍቷል፣ ትሪፎን የነገሥታቱን የራስ ጥብጣብ ብቻ አስሯል።

ቀጥሎ መዝኑ። በአቲካ ሚዛን (በአቴና የክብደት ልክ) የተመታ ቴትራድራክም፣ ማለትም የአራት ድራክማ የብር ሳንቲም፣ ከ16 እስከ 17 ግራም ይደርሳል። በፊንቄ ከተሞች የተመታው፣ ንስር ያለበት፣ ወደ 14 ግራም ስለሚመዝን ቅለቱ ብቻውን ሐሰተኛ አያሰኘውም። ዙሪያው ላይ የመገጣጠሚያ መስመር ወይም ገጹ ላይ የአየር ቀዳዳ ካለ ግን ተመትቶ ሳይሆን ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ዓመቱ ላይ ነው። የሕፃኑ ሳንቲም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 መጸው በሚጀምረው በሴሌውቅያን ዘመን ይቆጥራል፦ 170 ቢል ከ313 ቀንሱ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ143 መጸው ይሆናል። ትሪፎን ያንን ቆጠራ ትቶ ከራሱ ንግሥና ጀመረ፤ የሱን ቁጥር ከ313 አትቀንሱ።