አባት የኩላሊት እጥበት ሲጀምሩ ልጆች የሚሠሯቸው ስህተቶች

እጥበት፣ ማለትም ኩላሊት ያቃተውን ደም በማሽን ማጣራት፣ በአብዛኛው በሳምንት 3 ቀን ነው። አንዱ ዙር 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መንገዱና ወረፋው ሲጨመርበት ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ወጪው ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። እንዲህም ሆኖ በዓመት በዓል ብቻ ይገናኙ የነበሩ እህትና ወንድሞች በዚህ ሰበብ ሲቀራረቡ አይቻለሁ። የተኳረፉም አሉ። ብዙ ጊዜ የሚያኳርፏቸው እነዚህ ናቸው።

ከጀርባቸው መንሾካሾክ

ሐኪሙ ሲወጣ ልጆች ተከትለውት ይወጣሉ። ኮሪደር ላይ ያወሩና ተመልሰው «ደህና ነህ ብሏል» ይላሉ። ክፉ ወሬን ከታማሚ መደበቅ እኛ ዘንድ ደግነት ነው፤ ሐሳቡ ይገባኛል። ግን አባታችሁ ፊታችሁን ማንበብ የጀመሩት ገና ስትድሁ ነው። ስለዚህ እሳቸውም እንዳትጨነቁ ብለው ማስመሰል ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የልቡን የሚያወራ አይኖርም። «አባዬ፣ ሐኪሙ የሚለውን ራስህ መስማት ትፈልጋለህ ወይስ እኔ ልስማልህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። እኔ አልሰማም ካሉም መብታቸው ነው።

ሁሉንም በአንዷ ልጅ ላይ መጣል

ብዙውን ጊዜ ያላገባችው ወይም ቤት የቀረችው ሴት ልጅ ናት። ታመላልሳለች፣ ትሰለፋለች፣ ያለጨው ታበስላለች። ዱባይ ያለችው ብር ትልካለች፤ አሜሪካ ያለው ደውሎ «ለምን ሌላ ሐኪም አታሳዩትም?» ይላል። የምታስታምመው ማንም ልፋቴን አላየልኝም ትላለች። የምትልከው ደግሞ የምፈለገው ለብሬ ብቻ ነው ብላ ታዝናለች። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ተካፈሉት። ክፍሉ አስታማሚ የሚያስገባ ከሆነ በተራ ግቡ። ውጭ ያለውም ተራ ይኑረው፤ እዚህ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ጠዋት ነው። መርፌ በሌለበት እጃቸው ስልክ ይዘው ማውራት ይችላሉ። እነዚያን 4 ሰዓታት ቲክቶክ ላይ ማሳለፍ ያሳዝናል። ሌላ ጊዜ አባትና ልጅ ይህን ያህል ጎን ለጎን የሚቀመጡት መቼ ነው? በደርግ ጊዜ ለቀበሌ ስኳር የተሰለፉበት፣ እናታችሁን መጀመሪያ ያዩበት፣ ከወንድማቸው የተጣሉበት ምክንያት፣ ሁሉም ቀስ እያለ ይወጣል። ከእጥበት በኋላ ግን ብዙዎቹ ስለሚዝሉ ተዉአቸው፣ ይተኙ። ጠያቂውንም በማግስቱ እንዲመጣ ንገሩት።

እንደ ሕፃን መያዝ

ስልካቸውን መቀማት፣ ከእድር ስብሰባ ማስቀረት፣ የቤቱን ጉዳይ ሳያማክሩ መጨረስ። የታመመው ኩላሊታቸው ነው፤ አባትነታቸው አልታመመም።

አንድ የማውቃቸው አባት ክንዳቸው ላይ ለእጥበት የተሠራላቸው ፊስቱላ፣ ማለትም ሁለት የደም ሥሮች በቀዶ ሕክምና የተጋጠሙበት ቦታ፣ አለ። በጣት ሲነካ ይነዝራል፤ ጆሮ ሲጠጋው ሹሹ ይላል። ጠዋት ጠዋት የልጅ ልጃቸውን «ነይ አድምጪልኝ» ይሏታል። ጆሮዋን ለጥፋ ትቆይና «ይሠራል!» ብላ ታውጃለች። ለእሷ ጨዋታ ነው። ግን ንዝረቱ መኖሩን በየቀኑ ማየት ሐኪሞችም የሚመክሩት ነገር ነው። በዚያ እጅ ግፊት እንደማይለካና ከባድ ዕቃ እንደማይያዝበትም ልጅቷ ለእንግዳው ሁሉ ታስተምራለች።

«ብላ፣ ጠጣ» ማለት

ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ሙዝና ብርቱካን ይዞ ከች ይላል። ሁለቱም ፖታሺየም አላቸው። ኩላሊት ሳይሠራ ሲቀር ፖታሺየም ደም ውስጥ ይከማችና የልብ ምትን እስከማዛባት ይደርሳል። ውሃም እንዲሁ ነው፤ ያልወጣ 1 ሊትር 1 ኪሎ ሆኖ ሚዛን ላይ ይታያል። «ተመስገን፣ ፊትህ ሞላ!» የሚሉት አንዳንዴ ውሃውን ነው። የሚጠጣ ጸበልም ሐኪም ከፈቀደው የቀኑ ፈሳሽ ውስጥ ይቆጠራል። ይህን ለንስሐ አባታቸው አስረዱ፤ በመጠጣት ፈንታ መረጨት ይቻላል። ጠያቂውን ግን አታሳፍሩት፤ ፍሬውን ተቀበሉና ለልጆች ስጡ።

ምስጋናን በግድ ማስባል

በውሃ ጥም ለተቃጠለ ሰው «የባሰም አለ፣ ተመስገን በል» ማለት አፉን መዝጋት ነው። መጀመሪያ ያማርሩ። ብዙ ጊዜ ምሬታቸውን ሲጨርሱ ተመስገኑን ራሳቸው ይሉታል። ማመስገን ያለባችሁ እናንተ ናችሁ፤ እኛ አገር ደግሞ ውለታ በዝርዝር የሚነገረው ለቅሶ ላይ ነው፣ ባለቤቱ በማይሰማበት። «ጥሩ አባት ነህ» ብቻ አትበሉ። «ማትሪክ የወደቅኩ ዕለት ሳትቆጣኝ ምሳ ጋብዘኸኛል» በሉ። ምርቃቱ ይከተላል፤ ስልክ ላይ ቅዱት።

ኩላሊት ሰጪን በቤተሰብ ስብሰባ መምረጥ

በኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ተስፋው ጥሩ ነው። ግን ሳሎን ተሰብስቦ «ማን ይሰጣል?» ሲባል ዝም ያለው ልጅ ዕድሜ ልኩን ይታማል። ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ቢፈልግም ላይችል ይችላል። የፈራም ይኖራል። አባትየው ራሳቸው «ከልጄ አካል አልወስድም» ሊሉ ይችላሉ። እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ሐኪሙን ያነጋግር፤ አልችልም ያለውንም ማንም ለምን ብሎ አይጠይቀው።