የኢንሹራንስ ክፍያ በብድር ከመፈረምዎ በፊት፦ የአበዳሪውን ፈቃድ እንዴት ማጣራት ይቻላል

አሜሪካ ውስጥ ለትራክ ኢንሹራንስ የዓመቱን ሂሳብ አንድ ላይ የሚከፍል ጥቂት ነው። ኤጀንቱ «ዳውን ፔይመንት ክፈል፣ ቀሪው በየወሩ ይሄዳል» ይላል፤ ወረቀት ይመጣል፣ ይፈረማል። ይህ ወረቀት ግን ራሱን የቻለ የብድር ውል ነው። ሙሉውን አረቦን (የኢንሹራንሱን ዋጋ) የሚከፍልልዎት ፕሪሚየም ፋይናንስ የሚባል ሌላ ኩባንያ ነው፤ እርስዎም በየወሩ የሚከፍሉት ለእሱ ነው።

በብዙ ስቴቶች ለዚህ ሥራ የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። የኤጀንቱ ፈቃድ ኢንሹራንስ ለመሸጥ እንጂ ለማበደር አይሆንም።

መጀመሪያ ውሉ ላይ የአበዳሪውን ሙሉ ሕጋዊ ስም ይፈልጉ።

ከዚያ ስሙን ከስቴቱ ተቆጣጣሪ ጋር ያመሳክሩ። ቴክሳስ ላይ የኢንሹራንስ መምሪያው ነው፤ ኒው ዮርክ ላይ የፋይናንስ አገልግሎቶች መምሪያ፤ ቨርጂኒያ ላይ የስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን፤ ፍሎሪዳ ላይ የኢንሹራንስ ቁጥጥር ቢሮ። ድረ ገጹ ላይ መፈለግ ይቻላል፤ እኔ ግን ስልኩን እመርጣለሁ። ስማቸው የሚቀራረብ ኩባንያዎች ስላሉ ፍለጋው ያሳስታል።

ወለዱንም ያስሉ። ፍሎሪዳ ውስጥ ሕጉ በዓመት ከ100 ዶላር ላይ ከ12 ዶላር በላይ ማስከፈል አይፈቅድም፤ በዚያ ላይ እስከ 20 ዶላር የሚደርስ አንድ ተጨማሪ ክፍያ አለ። ውሉ ከዚህ ካለፈ ይጠይቁ።

አሁን ዋናው ነገር፦ ውክልናው። ውሉ ውስጥ አበዳሪው በእርስዎ ስም ኢንሹራንሱን እንዲሰርዝ ሥልጣን የሚሰጥ አንቀጽ አለ። አንድ ወር ካልከፈሉ እርስዎን ሳያማክር ያሰርዘዋል። ፍሎሪዳ ውስጥ ከመሰረዙ በፊት ቢያንስ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ በፖስታ መላክ ግዴታው ነው። ፖስታው የሚሄደው ግን ውሉ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው። አንድ የማውቀው ሾፌር ቤት ቀይሮ አድራሻውን አላስተካከለም፤ ደብዳቤው የድሮ ቤቱ ሲጠብቀው እሱ መንገድ ላይ ነበር። ስለዚህ ለአበዳሪውም ለኢንሹራንሱም ለየብቻ አድራሻ ያስቀይሩ፤ አንዱ ለሌላው አይነግርም።

ከተሰረዘ በኋላ ውዝፉን ከፈልኩ ብሎ መንዳት አደገኛ ነው። ሽፋኑን የሚመልሰው ኢንሹራንስ ኩባንያው እንጂ አበዳሪው አይደለም። ተመልሷል የሚል ጽሑፍ ከኩባንያው በእጅዎ ሳይገባ ሎድ አያንሱ። ከስቴት ስቴት ጠቅላላ ዕቃ በኪራይ የሚያጓጉዝ ከባድ ትራክ በፌዴራል ደንብ ቢያንስ የ750,000 ዶላር የተጠያቂነት ሽፋን ግድ ነው፤ ሽፋኑ ሲቋረጥ አውቶሪቲዎም (ከስቴት ስቴት የማጓጓዝ የፌዴራል ፈቃድዎ) አብሮ ይሄዳል።

በመጨረሻ፣ ዳውን ፔይመንት ከከፈሉ ከጥቂት ቀናት በኋላ ለኢንሹራንስ ኩባንያው ራስዎ ይደውሉ። የፖሊሲ ቁጥሩን ሰጥተው «ሙሉ አረቦኑ ደርሷችኋል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። አልደረሰንም ካሉ የከፈሉበትን ደረሰኝ ይዘው በዚያው ቀን ለስቴቱ ተቆጣጣሪ አቤት ይበሉ።