ፓፒ ሊነክስ ከፍላሽ ሲያስቸግር

ሃርድ ዲስኩ ለሞተ ወይም ራሙ ለቀነሰ ላፕቶፕ ፓፒ ሊነክስን የሚያህል የለም። አውስትራሊያዊው ባሪ ካውለር በ2003 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ይህ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከፍላሽ ይነሳና ራም (ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የሚጸዳው ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ ይሠራል። ብዙዎቹ ችግሮች የሚመጡትም ከዚሁ ጠባዩ ነው።

ፍላሹ አይነሳም
አይኤስኦውን (ፓፒ የሚወርድበትን ፋይል) እንደ ዘፈን ኮፒ አድርጋችሁት ከሆነ አይሆንም፤ የሚነሳ ፍላሽ በሚያዘጋጁት ፕሮግራሞች፣ በሩፉስ ወይም በቬንቶይ ይሠራ። በትክክል ተሠርቶም ካልተነሳ፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ የቡት ሜኑውን (ከየት እንደሚነሳ የሚመረጥበትን ዝርዝር) ክፈቱ። በዴልና በሌኖቮ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 ነው። የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ካሳየ ባዮስ (የኮምፒውተሩ መነሻ ሴቲንግ) ገብታችሁ ያልተፈቀደ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለውን ሲኪዩር ቡትን አጥፉ።

ትናንት የሠራሁት የለም
እኔን ያቃጠለኝ ይሄኛው ነው። ፓፒ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘጋ ሴቭ ፋይል (ሴቲንጋችሁና ሥራችሁ የሚቀመጥበት አንድ ፋይል) ልፍጠር ወይ ብሎ ይጠይቃል። ቸኩላችሁ እምቢ ካላችሁ ራም ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ሴቭ ፋይል ኖሯችሁም መዘዝ አለ። ፍላሹ ቶሎ እንዳያልቅ ተብሎ ለውጡ ራም ላይ ይቆያል፤ ወደ ፍላሹ የሚወርደው በየተወሰነ ደቂቃ ወይም ሲዘጋ ነው። ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጽፌ ልጨርስ ስል መብራት ሄደ። ስመልሰው ርዕሱ እንኳ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ዴስክቶፑ ላይ ያለችውን የሴቭ ምልክት በየአንቀጹ እጫናለሁ። ሰነዶቼን ደግሞ ሴቭ ፋይሉ ውስጥ አላስቀምጥም። ኤምኤንቲ ውስጥ ሆም (/mnt/home) የሚባለው ፎልደር የፍላሹ የራሱ ቦታ ነው፤ እዚያ ያኖርኩት ሴቭ ፋይሉ ቢበላሽም ይተርፋል። ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት32 ከሆነ ሴቭ ፋይሉ ከ4 ጊጋ ማለፍ እንደማይችልም አስቡ።

ተነስቶ ዴስክቶፑ ጋ ሳይደርስ ይቆማል
ቡት ሜኑው ላይ ሴቭ ፋይሉን ሳይጭን በራም ብቻ የሚነሳውን ምረጡ። እንዲያ ከተነሳ ጥፋቱ የሴቭ ፋይሉ ነው። መጀመሪያ ኮፒውን ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ ከዚያ ሜኑው ላይ ካለ ፋይል ሲስተሙን (የፋይሎቹን አቀማመጥ) የሚፈትሸውን ምርጫ ሞክሩ።

ፋይሉ ይገባል ግን አይከፈትም
በርካሽ የተገዛ «2 ቴራ» ፍላሽ ነው? መጠኑን የሚዋሽ ሊሆን ይችላል፤ ከእውነተኛው አቅም በላይ የጻፋችሁት የትም አይቀመጥም። ኤፍ3 በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፈትሹት። ከዋሸ ሰነድ አትመኑት።

አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆነ
የግዕዝ ፎንት ስለሌለ ነው። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጫኑና ሴቭ አድርጉ፤ ያለዚያ ነገም ሳጥን ነው።