የሌለ ክፍለ ጦር ምን ይለብሳል?

ትንንሽ የአሻንጉሊት ወታደሮቼን ቀለም የምቀባው ከአንድ ስዕል እያየሁ ነው። ስዕሉ ፈጠራ ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስልት የተሳለ፣ በእውን ያልነበረ ክፍለ ጦር። አረንጓዴ ኮት፣ ቢጫ የእጅጌ እጥፋት። ችግሩ፣ የሚታየው ከፊት ብቻ ነው። የእኔ ባለ 28 ሚሊሜትር ወታደሮች ደግሞ ጀርባም አላቸው!

መፍትሔው ገበሩ ላይ ተገኘ። የዚያን ዘመን ኮት የታችኛው ጫፉ ወደ ኋላ ሲታጠፍ የሚታየው ገበሩ ነው። የፕሩሲያ እግረኛ ኮቱ ሰማያዊ፣ ገበሩ ቀይ ነበር፤ የእጅጌው እጥፋት ሌላ ቀለም ቢሆንም። በእንግሊዞቹ ግን በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ገበሩ አብዛኛውን ጊዜ ከእጥፋቱ ጋር ይመሳሰል ነበር። የፕሩሲያውን መረጥኩ፤ ቀይ በአረንጓዴ ላይ ቁጭ ሲል ያምራላ!

ከበሮ መቺውን ከእንግሊዞቹ ተዋስኩ። እንደ እነሱ የኮቱንና የእጥፋቱን ቀለም ገለበጥኩት፤ ቢጫ ኮት፣ አረንጓዴ እጥፋት። ለወርቃማው ጥልፍ የወርቅ ቀለም አልነካሁም። መጀመሪያ ቡናማ፣ ከላዩ ቀጭን ቢጫ መስመር። ራቅ ብሎ ላየው ወርቅ ነው።