የጉልበት ውልቃት ክሌም ሲመለስ

ቀኝና ግራውን፣ የታካሚውን ስምና የትውልድ ቀን አይታችኋል ብዬ ልጀምር። ይሄ ሁሉ ልክ ሆኖ አሜሪካ ውስጥ የጉልበት ውልቃት ክሌም (ለኢንሹራንስ የሚላክ የክፍያ ጥያቄ) ከተመለሰባችሁ፣ ደጋግሜ የማየው አንድ ነገር ነው። የወለቀው ጉልበቱ ሳይሆን የጉልበቱ ሎሚ ነው።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ለግራ ጉልበት ውልቃት የምርመራውን ኮድ ኤስ83.105ኤ ብላችሁ፣ ሐኪሙ አጥንቱን ወደ ቦታው ለመመለሱ ደግሞ የሕክምናውን ኮድ 27550 ጨምራችሁ ልካችኋል። ኢንሹራንሱ ቻርት (የታካሚውን የሕክምና መዝገብ) ይጠይቅና አልከፍልም ይላል። ያን ጊዜ የሐኪሙን ማጠቃለያ ትታችሁ ምርመራው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አንዱ ቻርት ከላይ «የግራ ጉልበት ውልቃት፣ ተመልሷል» ይላል። ወረድ ስትሉ ግን ልጅቷ ኳስ ስትጫወት ዞር ስትል ሎሚው ወደ ውጭ ሸሸ፣ ሐኪሙ እግሯን ቀስ አድርጎ ዘርግቶ ያለ ማደንዘዣ መለሰው፣ በዚያው ቀን በክራንች ቤቷ ገባች። ይሄ የጉልበት ውልቃት አይደለም! በጉልበት ውልቃት የሚለያዩት የጭንና የቅልጥም አጥንት ናቸው፤ ጅማት ይበጠሳል፣ ከጉልበት ጀርባ የሚያልፈው ደም ቅዳ ከተጎዳ እግር እስከ መቆረጥ ይደርሳል። የልጅቷ ኮድ ኤስ83.015ኤ፣ የመመለሱ ደግሞ 27560 ነው። ከምርመራ ስሞች ዝርዝር ፊት የመጣለትን ነክቶ የሚያልፍ ሐኪም በጣም ያናድደኛል፤ መዝገቧ ላይ እግሯን ልታጣ የነበረች ሰው ሆና ትቀራለችና።

መፍትሄው ኮዱን በራሳችሁ መቀየር አይደለም፤ በፍጹም እንዳታደርጉት። ለሐኪሙ ኩዌሪ (የጽሑፍ ጥያቄ) ላኩ፣ ምርመራው ላይ ያለውን ጥቀሱና የወለቀው የትኛው እንደሆነ እንዲያብራራ ጠይቁት። «ሎሚው ነው አይደል?» ብሎ መልሱን አፉ ላይ ማስቀመጥ ክልክል ነው። አዴንደሙ (ሐኪሙ መዝገቡ ላይ የሚጨምረው ማብራሪያ) ሲገባ የታረመውን ክሌም ላኩ።

ተቃራኒውም አለ፣ እሱ ደግሞ ያስፈራል። እውነተኛ የጉልበት ውልቃት ሆስፒታል ሳይደረስ በራሱ ይመለሳል፣ ራጅ ላይ ደህና ይመስላል፣ «ወለምታ» ተብሎ ይጻፋል። ሐኪሙ ወልቆ እንደነበር ካልጻፈ ኮድ ማድረግ አትችሉም። ከጻፈም 27550 አትጨምሩ፤ የመለሰው ሰው የለምና። የእግሩ የደም ምት መታየቱ የተጻፈበትን ቦታ ፈልጉ። የቁርጭምጭሚትና የክንድ የደም ግፊት ንጽጽር ከ0.9 በታች ሆኖ ዝም ከተባለ ዝም አትበሉ፣ ጠይቁ። ደም ቅዳው መጎዳቱ ከተረጋገጠ ኤስ85.0፣ የተጎዳው የፔሮኒያል ነርቭ (ከጉልበት ወደ እግር የሚወርድ ነርቭ) ከሆነ ኤስ84.1 ለብቻው ይጻፋል። ኤስ84.11 ላይ ባዶውን ቦታ የምትሞላውን ኤክስ ሳትጨምሩ ኤ ካስገባችሁ ክሌሙ ወዲያው ይመለሳል።

ኮዱ መጨረሻ ላይ ያለው ኤ «የመጀመሪያ ቀን» ማለት አይደለም። ሕክምናው ገና እየተካሄደ ነው ማለት ነው። ከሳምንታት በኋላ ጅማቱ በቀዶ ሕክምና ቢጠገንም ኤ ነው፤ እየዳነ ለክትትል ሲመጣ ዲ ይሆናል።

ሎሚው እየደጋገመ የሚወልቅ ከሆነ ኤም22.0 ተመልከቱ። ሰው ሠራሽ ጉልበት ከቦታው ከለቀቀ ደግሞ ኤስ83ን ተዉት፤ ቦታው ቲ84.02 ነው።