ልጃችሁ ቴራፒና አጋዥ መሣሪያ ካስፈለገው፦ አዲስ አሜሪካ ለገቡ ወላጆች

አሜሪካ እንደገባችሁ የሚያጣድፈው ብዙ ነው፤ ሥራ፣ ቤት ኪራይ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ። በዚህ መሀል «ልጁ ገና ነው፣ ጊዜው ሲደርስ ይናገራል» እየተባለ የልጁ ጉዳይ ወደ ጎን ይገፋል። አትግፉት። ለአካል ጉዳተኛ ልጅ ከተከፈቱት በሮች አንዱ ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው ይዘጋል። ሌላው ደግሞ ዛሬ ብትመዘገቡ እንኳ ተራችሁ የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛችን እስኪስተካከል እንጠብቅ የምትሉ ካላችሁም አያስፈልግም፤ ትምህርት ቤትም ሆነ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

ብዙ ወላጅ ግራ የሚጋባው ቴራፒ የሚገኝባቸው መንገዶች ሁለት መሆናቸውን ባለማወቁ ነው። አንዱ የትምህርት ሕግ ነው፣ ሌላው የጤና መድን። የንግግር ቴራፒስቷ ትምህርት ቤትም ክሊኒክም ትገኛለች፤ የተማረችው ትምህርት አንድ ነው። የምትነሳበት ጥያቄ ግን ይለያያል። የትምህርት ቤቷ «ይህ ልጅ ከትምህርቱ እንዲጠቀም ምን ያስፈልገዋል?» ትላለች፤ የክሊኒኳ ደግሞ «ይህ ሕክምና የግድ ነው ወይ?» ትላለች። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ «ይህን እኛ አንሰጥም» ሲላችሁ ልጁ አያስፈልገውም ማለት ላይሆን ይችላል። ሁለቱንም መንገድ በአንድ ጊዜ መጠቀም ይቻላል፤ ትምህርት ቤት ስላገኘ ክሊኒክ አይከለከልም።

ከሦስት ዓመት በታች፣ ከሦስት ዓመት በላይ

መሠረቱ በ1975 የወጣውና ዛሬ «አይዲያ» በሚል ምህጻር የሚታወቀው የፌዴራል የልዩ ትምህርት ሕግ ነው። ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ያለው ልጅ «ኤርሊ ኢንተርቬንሽን» (ቀደም ብሎ የሚሰጥ ድጋፍ) በሚባለው ፕሮግራም ይታያል። የሐኪም ደብዳቤ አያስፈልግም፤ ወላጅ ራሱ ለፕሮግራሙ ደውሎ «የልጄ ዕድገት ያሳስበኛል፣ ይመርመርልኝ» ማለት ይችላል። ከጥሪው በኋላ ምርመራው ተደርጎ ብቁ ለሆነው ልጅ የመጀመሪያው የዕቅድ ስብሰባ በ45 ቀን ውስጥ መካሄድ አለበት። ምርመራው በነጻ ነው። ለቴራፒው ግን አንዳንድ ግዛቶች እንደ ገቢያችሁ መጠን ያስከፍላሉ፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ባለሙያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ቤታችሁ ድረስ ይመጣሉ። ሲመጡ ልጁን አስረክቦ ወደ ጓዳ መግባት የለም፤ የሚመጡት እናንተን ለማሠልጠንም ነው፣ በሳምንት አንድ ሰዓት የሚሠሩት ነገር ፍሬ የሚያፈራው ቀሪውን ሳምንት እናንተ ስትደግሙት ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ኃላፊነቱ የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች ወደሚያስተዳድረው ዲስትሪክት ይዞራል። ልጁ ገና ትምህርት ባይጀምርም ዲስትሪክቱን መጠየቅ ትችላላችሁ። ጥያቄውን በቃል አትተዉት። «ልጄ የልዩ ትምህርት ምርመራ እንዲደረግለት እጠይቃለሁ» የሚል አጭር ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ቀን ጽፋችሁበት ላኩ፣ ቅጂውንም አስቀምጡ። በአማርኛ መጻፍም ይቻላል። ለምርመራው ፈርማችሁ ከፈቀዳችሁበት ቀን ጀምሮ ዲስትሪክቱ 60 ቀን አለው፣ ግዛቱ የራሱን የጊዜ ገደብ ካላወጣ በቀር። የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም፣ ገቢም አይታይም። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1982 ውሳኔ የየትኛውም ሕጻን የትምህርት ቤት መብት በመኖሪያ ፈቃድ እንዳይወሰን አድርጓል።

ልጁ ብቁ ሆኖ ሲገኝ «አይኢፒ» የሚባለው የግል የትምህርት ዕቅድ ይዘጋጃል። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ይሉኝታ ይጎዳል። ስድስት ሰባት ባለሙያ ጠረጴዛ ከቦ ሲናገር «እነሱ ያውቃሉ» ብሎ አንገት እየነቀነቁ መፈረም የተለመደ ነው። በሕጉ ግን ወላጅ የቡድኑ ሙሉ አባል ነው፤ ጥያቄ መጠየቅ እንደ ድፍረት አይቆጠርም። የምታዩት ቁጥሩን ነው፦ ስንት ደቂቃ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ለብቻው ወይስ ከሌሎች ልጆች ጋር፣ በየትኛው ባለሙያ። «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ካያችሁ እንዲስተካከል ጠይቁ፤ በጽሑፍ ያልሰፈረ ደቂቃ ማንንም አያስገድድም። ወረቀቱን ቤት ወስጄ አንብቤ እመልሳለሁ ማለት ይቻላል፤ የመጀመሪያው አገልግሎት ያለ እናንተ የጽሑፍ ፈቃድ አይጀመርም። ዕቅዱ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይታያል፣ ምርመራው ደግሞ ቢያንስ በሦስት ዓመት አንዴ ይደገማል፣ እናንተና ትምህርት ቤቱ አያስፈልግም ብላችሁ ካልተስማማችሁ። በዲስትሪክቱ ምርመራ ካልተስማማችሁ በገለልተኛ ባለሙያ በዲስትሪክቱ ወጪ እንዲደገም መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ዲስትሪክቱ ወይ ይከፍላል፣ ወይ ምርመራው ትክክል መሆኑን በክርክር ያስረዳል።

ስለ አስተርጓሚው አንድ ነገር። ትልቁን ልጃችሁን አታስተርጉሙት፤ ስለ ወንድሙ የሚባለውን መሸከም የእሱ ሥራ አይደለም። ሐበሻው የሚተዋወቅበት ከተማ ከሆነና ወሬው ይወጣል ብላችሁ ከሰጋችሁ ደግሞ በስልክ የሚያስተረጉም፣ ከሌላ ግዛት የሆነ ሰው እንዲደረግላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ይቻላል።

ማን ምን ይሠራል

የንግግር ቴራፒስት የምትሠራው ንግግር ብቻ አይደለም። ማኘክና መዋጥ የሚያስቸግረውን ልጅ የምታየው፣ መናገር ለማይችለው የመግባቢያ መሣሪያ የምትመርጠው እሷ ናት። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት፣ በአጭሩ «ኦቲ»፣ ልጁ በራሱ ልብስ እንዲለብስ፣ ማንኪያና እርሳስ እንዲይዝ፣ የሚረብሸውን ድምፅና ንክኪ እንዲቋቋም ይረዳል። ፊዚካል ቴራፒስት መቀመጥን፣ መቆምን፣ መራመድን ይሠራል፤ የእግር ድጋፍና ተሽከርካሪ ወንበር ሲታዘዝም አብሮ ይለካል። ኦዲዮሎጂስት መስማትን ይመረምራል። እዚህ አገር የተወለደ ሕጻን ከሆስፒታል ሳይወጣ ጆሮው ስለሚፈተሽ ሐኪሙ የእናንተም ልጅ የተፈተሸ ሊመስለው ይችላል፤ ካልተፈተሸ ተናገሩ። የንግግር መዘግየት ሲኖር መጀመሪያ መታየት ያለበት ጆሮ ነው።

ኦቲዝም ላለበት ልጅ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው «ኤቢኤ» የሚባለው የባህርይ ሕክምና ነው። ዕቅዱን የምታወጣው ማስተርስ ያላት የባህርይ ባለሙያ፣ «ቢሲቢኤ»፣ ናት፤ በየቀኑ ከልጁ ጋር የሚውለው ግን የ40 ሰዓት ሥልጠና የወሰደ ረዳት ነው። ስለዚህ «ኃላፊዋ ልጄን በአካል የምታየው በየስንት ጊዜው ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህን ሕክምና አጥብቀው የሚተቹ ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎችም አሉ። በእኔ አስተያየት መለኪያው ግቡ ነው፦ ልጁ ፍላጎቱን እንዲገልጽ፣ ራሱን እንዲችል ከሆነ መልካም፤ እጁን እንዳያወራጭ፣ ዓይን ለዓይን እንዲያይ ብቻ ከሆነ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

የአብዛኞቹን ቴራፒስቶች የሥራ ፈቃድ በግዛቱ የፈቃድ ሰጪ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ በስማቸው ፈልጎ ማየት ይቻላል።

አማርኛችሁን አትተዉ

«ልጁ የዘገየው ሁለት ቋንቋ ስለተደባለቀበት ነው፤ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» የሚል ምክር ከመምህር፣ አንዳንዴም ከሐኪም ይመጣል። ጥናቶች አይደግፉትም። ሁለት ቋንቋ መስማት ንግግርን አያዘገይም፤ ኦቲዝም ወይም ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅም ሁለት ቋንቋ መልመድ ይችላል። ልጅ ቋንቋ የሚማረው ከሚያጫውተው፣ ከሚያባብለው፣ ተረት ከሚነግረው ሰው ነው። በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ካም፣ ሲት፣ ኢት» ብቻ የምትሉት ልጅ ሁለቱንም ያጣል፤ ከአያቱም ጋር ይቆራረጣል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ስህተትም አለ። «እንግሊዝኛ እየለመደ ስለሆነ ነው፣ አንድ ዓመት እንጠብቅ» ይሏችኋል። ልጁ በአማርኛም እንደ እኩዮቹ የማይናገር ከሆነ ችግሩ የእንግሊዝኛ አይደለም። ይህን ከእናንተ በቀር የሚያውቅ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ተናገሩት። ከስብሰባው በፊት ልጁ በአማርኛ የሚላቸውን ቃላት ጻፉ፣ ሲያወራም በስልክ ቅረጹት። አሥር የእንግሊዝኛና ሠላሳ ሌላ የአማርኛ ቃል ያለው ልጅ ያለው አርባ ቃል ነው፤ አሥሩን ብቻ ቆጥሮ የሚፈርድ ምርመራ ልክ አይደለም። ሕጉም እስከተቻለ ድረስ ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲመረመር ያዛል።

መሣሪያው

አጋዥ ቴክኖሎጂ ሲባል ውድ ኮምፒውተር ብቻ የሚመስለን አለን። በሕጉ ግን የልጁን አቅም የሚጨምር ማንኛውም ዕቃ ይካተታል፤ ከወፍራም የእርሳስ መያዣና ሥዕል ከተለጠፈበት ሰሌዳ ጀምሮ በዓይን እንቅስቃሴ እስከሚታዘዝ ኮምፒውተር ድረስ። በቀዶ ሕክምና ሰውነት ውስጥ የሚገባው ብቻ ይቀራል። እያንዳንዱ አይኢፒ ሲዘጋጅ ቡድኑ «መሣሪያ ያስፈልገዋል ወይ?» የሚለውን የማንሳት ግዴታ አለበት። በብዙ ስብሰባ ይህ ጥያቄ በአንድ ምልክት ታልፎ ይሄዳል፤ እናንተ አስቁሙት።

መናገር ለማይችል ልጅ የሚሰጠው ሥዕል ሲነካ የሚናገር ታብሌት ወላጆችን ያስፈራል፤ «ይህን ከለመደ መናገሩን ይተዋል» ይባላል። ጥናቶች የሚያሳዩት ግን መሣሪያው ንግግርን እንደማያስቀር ነው፤ አንዳንድ ልጆችማ ይበልጥ ይናገራሉ። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የአማርኛ ድምፅ የላቸውም፤ በብዙዎቹ ግን በቁልፉ ላይ የራሳችሁን ድምፅ መቅዳት ትችላላችሁ። «እማዬ»፣ «ውሃ»፣ «አመመኝ»፣ «አልፈልግም» ከሚሉት ጀምሩ። «አልፈልግም» የሚለውን አትርሱት፤ እምቢ ማለት ያልቻለ ልጅ በጩኸት ነው የሚናገረው።

ትምህርት ቤቱ የገዛው መሣሪያ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው። ለትምህርቱ ቤትም ያስፈልገዋል ተብሎ በአይኢፒ ከተጻፈ ግን ማታና ቅዳሜ እሑድ ቤት ይገባል። የመስሚያ መሣሪያ የሚያደርግ ልጅ ካላችሁ፣ በትምህርት ሰዓት በትክክል መሥራቱን መከታተል የትምህርት ቤቱ ኃላፊነት ነው።

ተሽከርካሪ ወንበር በመድን በኩል ሲሆን ይረዝማል። ሐኪም ያያል፣ ፊዚካል ወይም ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ይለካል፣ የመሣሪያ አቅራቢው ባለሙያ አብሮ ይመርጣል፣ ለምን የግድ እንደሚያስፈልግ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ከዚያ መድኑ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ወራት ይፈጃል። ጨክናችሁ በራሳችሁ ገንዘብ አትግዙ፤ ከተገዛ በኋላ የሚመልስ መድን እምብዛም ነው፣ ያልተለካ ወንበር ደግሞ የልጁን ጀርባ ሊጎዳ ይችላል። ልጅ ስለሚያድግ ሊሰፋ የሚችል መቀመጫ እንዲታዘዝ ጠይቁ።

እስኪመጣ ድረስ በየግዛቱ ያለውን የአጋዥ ቴክኖሎጂ ፕሮግራም ፈልጉ። ከ1988 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የሚደገፍ ሲሆን መሣሪያ ያሳያል፣ ለሙከራ ያውሳል፣ ያገለገሉ ዕቃዎችን አድሶ ይሰጣል። ሐበሾች ብዙም የማንጠቀምበት ቦታ ነው፣ ያሳዝናል።

ክፍያውና ወረፋው

ሜዲኬድ የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ያለው ልጅ 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ለጤናው የግድ የሆነውን ሕክምናና መሣሪያ የማግኘት ሰፊ መብት አለው፤ ለአዋቂ የማይከፈለውም ለልጅ ሊከፈል ይችላል። ማን ሜዲኬድ ያገኛል የሚለው ግን በመኖሪያ ወረቀታችሁና በምትኖሩበት ግዛት ይወሰናል። ዲቪ ደርሶት በግሪን ካርድ የመጣ አዋቂ በአብዛኛው አምስት ዓመት ይጠብቃል፤ ብዙ ግዛቶች ግን ለልጆች ይህን ጥበቃ አንስተዋል። በ2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ የስደተኞችንና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን የሜዲኬድ መብት ያጠብባል፤ ቀድሞ የመጣ ዘመድ «እኔ አግኝቼ ነበር» ያላችሁን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ።

ከመድኑ የክልከላ ደብዳቤ ሲመጣ እንዳለቀ ነገር አትዩት። ደብዳቤው ላይ ይግባኝ የሚባልበት የመጨረሻ ቀን አለ። ለቴራፒስቷ ወይም ለሐኪሙ አሳዩና ደብዳቤውን አጠናክረው እንዲጽፉ ጠይቁ። በየግዛቱ በትምህርት ሕጉ ገንዘብ የተቋቋመ ቢያንስ አንድ የወላጆች የመረጃና የሥልጠና ማዕከል አለ፤ ከትምህርት ቤት ጋር ስትከራከሩ መንገዱን በነጻ ያስረዳል። በሚኒሶታ ያለው ፔሰር ማዕከል አንዱ ሲሆን ከ1977 ጀምሮ የሚሠራ ነው፤ መሣሪያም ያውሳል።

ከሜዲኬድ ጋር የተያያዘ «ዌቨር» የሚባል ፕሮግራምም አለ፤ በብዙዎቹ የወላጅ ገቢ ሳይታይ በልጁ ሁኔታ ይሰጣል፣ በቤት የሚረዳ ሰውና ሌላም ድጋፍ ያስገኛል። በብዙ ግዛቶች ወረፋው ረጅም ስለሆነ ዛሬውኑ አስመዝግቡት። ግዛት መቀየር ለእኛ ሰው ቀላል ነው፣ የተሻለ ሥራ ወይም የርካሽ ቤት ወሬ ሲሰማ ይነሳል። ከመነሳታችሁ በፊት ይህን እወቁ፦ አይኢፒው አብሯችሁ ይሄዳል፣ አዲሱ ዲስትሪክት የራሱን እስኪያወጣ ድረስ ተመሳሳይ አገልግሎት መስጠት አለበት። የዌቨር ወረፋ ግን አይሄድም፤ አዲሱ ግዛት ውስጥ ከመጨረሻው ትጀምራላችሁ። የትምህርት ቤቱ ታብሌትም ይመለሳል፤ ስለዚህ የቀዳችሁባቸውን ድምፆችና የገጾቹን ቅጂ ከመመለሳችሁ በፊት እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ።